የሸካሚው ጆሮ

ቃንባር የዱቄት ጆንያውን በቀኝ ትከሻው ላይ ጭኖ፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ፣ በረዶው ጭቃ በሆነበት ቀጭን መንገድ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሙርሺድ ሃይዳር ከታች ብቅ አለና ጀርባውን ከግድግዳው ለጥፎ አሳለፈው። ይህ ያልተለመደ ነገር ነበር። ሙርሺድ ሃይዳር በታችኛው ሰፈር የትግል ቤት ከፍ ካለው መደብ ላይ ተሰይሞ ከበሮ የሚመታ፣ ለማን ደወል እንደሚደወልና ማን ቀድሞ ወደ ትግሉ ጉድጓድ እንደሚወርድ የሚወስን ሽማግሌ ነው። መንገድ ይለቁለታል እንጂ አይለቅም፤ ያውም ለሸካሚ።

አሳልፎት ደግሞ አልሄደም። ተከተለው። ቃንባር ዳቦ ቤት ደርሶ ጆንያውን እስኪያወርድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀና ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ ጎንበስ አለ።

“ፓህላቫን፣ ይቅር ይበሉን” አለ፤ ታላላቅ ታጋዮች ብቻ በሚጠሩበት ስም። “እርስዎን የመሰለ ሰው በመካከላችን ጆንያ ሲሸከም ከርሞ ሳናውቅ ቀረን። ዓይናችን ይፍሰስ!”

ቃንባር ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ከምድጃውና ከጋጋሪው በቀር ማንም አልነበረም።

“አባባ፣ ሰው ተሳስተዋል። እኔ ቃንባር ነኝ፣ ሸካሚው።”

“ትልቅ ሰው መቼ ትልቅ ነኝ ብሎ ያውቃል?”

“ታግዬ አላውቅም።”

“ሰማህ?” አለ ሙርሺድ ወደ ጋጋሪው ዞሮ። እንባ አቅርሮ ነበር። “ታግዬ አላውቅም ይላል! በዚያ ጆሮ!”

የቃንባር ቀኝ ጆሮ የላይኛው እጥፋት ጠፍቶ፣ በቦታው የእርግብ እንቁላል የሚያህል ለስላሳ እብጠት ተቀምጦበት ነበር። ቴህራን ውስጥ ደግሞ ያበጠና የተጨማደደ ጆሮ ማዕረግ ነው። ዓመት ከዓመት ራሱን ከሌላ ታጋይ ራስ ጋር ሲያፋጭ፣ በአሸዋ ላይ ሲታሽ የኖረ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። የነቢዩ ዘር ነኝ የሚለውን ምስክር አምጣ ይሉታል፤ ጆሮው ለተሰበረ ሰው ግን ምስክር የጠየቀ የለም።

ቃንባር ጆሮው ማበጡን ልብ ያለው ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። አላመመውም። እውነቱን ለመናገር የሚያመው ነገር ከጠፋ ቆይቷል። በረሃቡ በሁለተኛው ዓመት ቁም ከተማ አጠገብ ካለችው መንደሩ ወደ ቴህራን ሲነሳ አራት ሆነው ወጡ፤ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን መንገድ ላይ ቀበረ፣ ሦስቱንም በየተለያየ ቦታ። አላለቀሰም። ያን ጊዜ ጥሙ ነው እንባዬን ያደረቀው ብሎ አሰበ፤ በኋላ ውሃ ጠጥቶም አላለቀሰም። ስማቸውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የጠየቀውም የለም፤ በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የራሱ ሙት ይበቃው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርዱም ረሃቡም ስድቡም ይደርሱበታል እንጂ አይሰሙትም። እንዲህ መሆኑን እንደ በጎ ነገር ተቀብሎ ይኖር ነበር።

ስለዚህ ሙርሺድ ክንዱን ይዞ ሲጎትተው ተጎተተ። የትግል ቤቱ በር ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ንጉሥም ቢመጣ ሳያጎነብስ አይገባበትም። ቃንባር አጎንብሶ ገባ። ጉድጓዱ ውስጥ ከባባድ የእንጨት ዱላ የሚያወዛውዙት ወንዶች ቀና ብለው መጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ ፊቱን አዩ። ሙርሺድ መደቡ ላይ ወጥቶ ከበሮውን መታ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለውንም ደወል ደወለ። ያን ደወል ካለፈው መኸር ወዲህ ማንም አልሰማውም ነበር። ወንዶቹ ሁሉ በነቢዩና በቤተሰባቸው ላይ ሰላም አወረዱ፤ አንዱ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ።

የሚያስለቅስ ነገር ነበራቸው። ከመንግሥት ጎተራ ለየሰፈሩ ዳቦ ቤት ዱቄት ይመጣል፤ የላይኛው ሰፈር ጎረምሶች ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የታችኛውን ሰፈር ድርሻ እየነጠቁ ይሄዳሉ። በሰፈሮቹ መካከል የቆየ ሥርዓት አለ። ፓህላቫን ያለው ሰፈር በትግል እስካልተሸነፈ ድረስ ንብረቱ አይነካም። ፓህላቫን የሌለው ሰፈር ግን አጥር እንደሌለው ማሳ ነው። የታችኛው ሰፈር ፓህላቫን በመኸር ተስቦ ገደለው፤ ተማሪዎቹንም ረሃቡ ጨረሳቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሰፈሩ ጆሮውን አይቶ ሸካሚውን አገባ።

“እኔ ታጋይ አይደለሁም” አለ ቃንባር ሦስተኛ ጊዜ፣ ሁሉ እንዲሰማ።

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ፓህላቫን” አለ ሙርሺድ በአክብሮት። “ትሕትናዎን አየነው፤ ይበቃል። ይቀመጡ።”

ተቀመጠ። ትኩስ የበግ እግር መረቅ አመጡለትና ጠጣ። ጣዕሙ ምን እንደሚመስል ቢጠይቁት አይመልስም ነበር።

ወሬ እግር አለው። ሳይመሽ የላይኛው ሰፈር ፓህላቫን ሾጃ ሰው ላከ። “እንግዳ እንዳላችሁ ሰማሁ። አርብ ከቀትር ጸሎት በኋላ መጥቼ ሰላም እለዋለሁ” ይላል መልእክቱ። ሰላምታው ምን ዓይነት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሾጃ ከጣለው ዱቄቱ ሄደ። ሾጃ ካልጣለው ዱቄቱ የሰፈሩ ነው።

ሰኞ ዕለት ኦስታ ኔማት፣ የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት አጣቢ፣ ፓህላቫኑን ለትግል ላሰናዳ ብሎ አስጠራው። ኦስታ ኔማት ጠጉር ይላጫል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ በዋግምት ደም ያወጣል፣ ያለማቋረጥም ያወራል። ቃንባርን ሙቅ ድንጋይ ላይ አጋድሞ ጆሮውን ዳበሰና ደም ቋጥሯል ብሎ ሦስት አልቅት ለጠፈበት። አልቅቶቹ ጠጥተው፣ ጠግበው፣ ወደቁ። እብጠቱ እንደነበረ ነበር።

“ምን ዓይነት ጉድ ነው?” አለ ኦስታ ኔማት። ቀጭኑን መብጫ በመብራቱ ነበልባል ላይ አሳልፎ እብጠቱን ወጋው። የመዳብ ሳህኑ ላይ የወረደው ደም አልነበረም። ወፈር ያለ፣ የገለባ መልክ ያለው ንጹሕ ውሃ ነው። ጆሮው እንደ ባዶ ስልቻ ተኛ።

አጣቢው ወሬውን አቆመ። ሳህኑን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየ፣ በጣቶቹም መካከል አሸው።

“በየትኛው ትከሻ ነው የምትሸከመው?”

“በቀኝ።”

“ጆንያው ከምን የተሠራ ነው?”

“ከፍየል ጠጉር።”

“ስትተኛስ ምን ትንተራሳለህ?”

“ጡብ።”

“በየትኛው ጎንህ?”

“በቀኝ።”

ኦስታ ኔማት መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። “ወንድሜ፣ የታጋይ ጆሮ በምት ስለሚሰበር ጥቁር ደም ነው የሚቋጥረው። ያንተ ሲታሽና ሲጫን ከርሞ ውሃ ቋጠረ። ለካ እውነትህን ነው! አንተ እኮ ታግለህ አታውቅም!”

“ነግሬያቸዋለሁ።”

“ነግረሃቸዋል፣ አዎ። ማን ሊሰማህ!” አጣቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ክፉ በሽታ አይደለም፣ አይገድልህም። የጆሮህ ለስላሳ አጥንት ለሁለት ተላጦ መሐሉ ኪስ ሆኗል። ውሃውን ባፈሰው በሁለት ቀን ይመለሳል። ድኖ እንዲቀር ከፊትና ከኋላ ተጭኖ ተሰፍቶ መሰንበት አለበት፤ ያኔ ኪሱ ይጣበቃል። እንዲሁ ከተውነው ደግሞ ይጠጥርና ዕድሜ ልክህን የተጨማደደ ጆሮ ይዘህ ትኖራለህ። ልስፋው?”

ቃንባር ትከሻውን ሰበቀ። ለሱ ሁሉም አንድ ነበር።

ለኦስታ ኔማት ግን አንድ አልነበረም። እሱም ከዚያው ዳቦ ቤት ነው የሚበላው። መርፌና ክሩን አንስቶ ትንሽ አሰበና መልሶ አስቀመጠው። “ከራስህ ጋር ተማከርበት” አለ። “ከኔ አፍ ምንም አይወጣም።” ኦስታ ኔማት በዕድሜው ሊጠብቀው ያሰበው ምስጢር ይኸው አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ ውሃው ተመልሶ ጆሮው እንደ በፊቱ ሞላ። ቃንባር የሚያድረው ጎልአንዳም የምትባል መበለት በረት ውስጥ ነው። ባሏን ተስቦ ወስዶባታል፤ አንድ የሚድህ ልጅ ቀርቷታል። ልጁ ወደ ቃንባር እየዳኸ ይመጣል፤ ቃንባር አያየውም። ልጁ የሱሪውን ጫፍ ይይዛል፤ ቃንባር እስኪለቀው ይጠብቃል።

“ኦስታ ኔማት ይሰፋሃል አሉ” አለችው ጎልአንዳም የተቀቀለ ቀይ ሥር ሰጥታው።

ይኸው፤ ምስጢሩ ሁለት ቀን ሳይሞላው በረቱ ደርሷል።

“ልስፋው ብሎኛል።”

“ከተሰፋህ አርብ ምን ይዘህ ልትገባ ነው?”

“ታጋይ አይደለሁም፣ ጎልአንዳም።”

“እኔ አጣሁት? ጆንያ ስታወርድ ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ በየቀኑ አያለሁ።” ልጇን ከመሬት አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። “ሾጃ ይጥልህ ይሆናል። ቆመህ ከጣለህ ግን ቢያንስ ሞክረናል። ካልገባህ ያለ ትግል ነው የሚወስዱት። ጡቴ ደርቋል፣ ሰውዬ። ይህ ልጅ የሚኖረው ዳቦ በውሃ እያራስኩ አጉርሼው ነው። ዕድሜ ልክህን ፓህላቫን ሁን አላልኩህም፤ አርብን ብቻ ሁን።”

ቃንባር ቀይ ሥሩን ጨርሶ ጣቱን ጠረገ። “እሺ” አለ። ለምን እሺ እንዳለ አላወቀም። እምቢ ለማለት የሚበቃ ነገር በውስጡ አላገኘም፤ ያ ብቻ ነበር።

አርብ ከቀትር በኋላ ትግል ቤቱ እስከ ጣሪያው ሞላ። ሴቶቹ ውጭ በረዶው ላይ ቆመው በበሩ ቀዳዳ ያዳምጡ ነበር። ሙርሺድ የሟቹን ፓህላቫን ባለጥልፍ የቆዳ ሱሪ ለቃንባር አልብሶት ወገቡን በገመድ አጠበቀለት። ከዚያም በጆሮው ሹክ አለው፦ “ሥርዓቱን ያውቁታል መቼም። ከመያያዝ በፊት ጆሮህን ማን ሰበረው ብሎ ይጠይቅዎታል። የትግል አባትዎን ስም ይጠራሉ። በትሕትና ዝም እንዳይሉ ብዬ ነው። የቁም ከተማውን ኦስታ ካራም ይበሉ። ሞቷል፤ ማን ከመቃብር ተነስቶ ይመሰክራል?” ቃንባር ሽማግሌውን አየው። እንግዲህ እሱም ከረቡዕ ወዲህ የሆነ ነገር ሰምቷል።

ሾጃ አጎንብሶ ገባ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ጠጥረው ተጨማደዋል፤ ትከሻው በር ይሞላል። ነገር ግን የቆዳ ሱሪው ሰፍቶት ነበር፤ ረሃቡ ለፓህላቫንም አላዘነም። ደወል ተደወለለት። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ መሬቱን በጣቱ ነክቶ ሳመ፤ ቃንባርም እንዳየው አደረገ። ፊት ለፊት ቆሙ።

“የኔን የሰበረው ኦስታ ጃላል ነው” አለ ሾጃ ጮክ ብሎ፣ “የሱንም የሰበረው ሃጂ ባባ። ያንተንስ ማን ሰበረው?”

ቃንባር አፉን ከፈተ። የተነገረውን ስም ሊል ነበር፤ በእርግጥ ሊል ነበር። ግን የሰጡት የሙት ስም ነው። የገዛ ሙቶቹን ስም ጠርቶ የማያውቅ አፍ የማያውቀውን ሙት ስም ለመጥራት እምቢ አለው።

“ጆንያ” አለ።

“ምን?”

“የፍየል ጠጉር ጆንያ። ስተኛ ደግሞ ጡብ ነው የምንተራሰው። ታግዬ አላውቅም። ውስጡ ውሃ ነው። ከፈለግህ ጣለኝ፤ አይሰማኝም።”

ውጭ አንዲት ሴት “ምን አለ? ምን አለ?” ስትል ተሰማ።

ሾጃ ወደ ፊት ተራምዶ የቃንባርን ጆሮ በሁለት ጣቱ ያዘና ጫን አደረገው። እብጠቱ እንደ ወይን ፍሬ ሰረጎደ፣ ሲለቀው ተመለሰ። የሾጃ ፊት ቀላ።

“አፈር ብላ!” አለ። “አሁን ምን ላድርግህ? ብጥልህ ሾጃ ሸካሚ ጣለ ይሉኛል። ባልጥልህ ሾጃ ሸካሚ ፈራ ይሉኛል! ደግሞስ የትግል አባት የሌለውን ሰው መታገል ነውር ነው። ከልጅነቴ እንዲህ ስል ኖሬ ዛሬ ላፈርሰው ነው?”

“አትታገለውማ!” አለ ሙርሺድ ሃይዳር ከመደቡ ላይ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ምላሱ ግን ከፊቱ ቀድማ ነቃች። “ነውር ነው! ካልታገልከው ደግሞ አልጣልከውም። ካልጣልከው የታችኛው ሰፈር አልተሸነፈም።”

“እናንተ ፓህላቫን የላችሁም እኮ፣ አንተ ሽማግሌ!”

“እንዴት የለንም? ደወል ደውዬለታለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከደወል የወጣማ ምኑ ይያዛል? ፓህላቫናችን እሱ ነው፤ ማንም ሊታገለው የማይችል ፓህላቫን ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ጠንካራ አይቼ አላውቅም!”

መጀመሪያ የሳቁት የሾጃ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ የረሃብ ሳቅ፣ ቀጭንና ረጅም። ሾጃ ብቻ አልሳቀም። በጉድጓዱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራመደ። ሥርዓቱን በየትም ቢያዞረው መውጫ አላገኘለትም፤ ሥርዓቱን ማፍረስ ደግሞ እነዚህን ሁለት ጆሮዎቹን መካድ ነው።

“ዱቄታችሁን ብሉ” አለ በመጨረሻ። “ግን ይህ ሰውዬ በዚህ ጆሮ ከተማ እየዞረ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም! ነገ ሸካሚው ሁሉ ጡብ ተንተርሶ ፓህላቫን ነኝ ሊል ነው። ኔማት! የት አለህ? ና፣ አሁኑኑ አስተካክለው!”

ውጭ ሴቶቹ እልል አሉ። የጎልአንዳም ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር። ቃንባር ሰማው። እንደተደሰቱ ገባው፤ እሱ ዘንድ ግን የደረሰ ነገር አልነበረም።

ኦስታ ኔማት ሳጥኑን ይዞ ወረደ። ቃንባርን አሸዋው ላይ በግራ ጎኑ አጋደሙት፤ ሾጃ ራሱ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት መዳፉ ያዘ። አጣቢው ጆሮውን ወጋና ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አወጣ። ከዚያም ከወፍራም የሱፍ ምንጣፍ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ ሁለት ቁራጮች ቆርጦ አንዱን ከጆሮው ፊት፣ አንዱን ከኋላ አስቀመጠ። የሐር ክር የገባበትን መርፌ አነሳ።

“መርፌው ሁለቱን ሱፍና ጆሮህን በስቶ ያልፋል” አለው። “አራቴ። ሲያምህ የሰው ስም ጥራ፤ እዚህ ሁሉም ይጠራል። አንዱ ኢማም አሊን፣ አንዱ እናቱን።”

“አያመኝም” አለ ቃንባር።

የመጀመሪያው ስፌት አለፈ። ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ሾጃ የያዘው ሰው በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ ጎንበስ ብሎ አየው። ሁለተኛው አለፈ። ክሩ ሲጠብቅ ሱፎቹ ጆሮውን ከሁለት ወገን ጨመቁት። በሦስተኛው የቃንባር እግሮች አሸዋውን ጫሩ፤ የት እንዳለ የጠፋው ይመስል ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ዞረ።

“ሰኪና!” አለ።

ድምፁን ራሱ አላወቀውም። ደግሞ ጠራት፣ አሁን ጮክ ብሎ፦ “ሰኪና!” ጥርሱ ተንገጫገጨ። ሾጃ ራሱን አጥብቆ ያዘው፤ መዳፉ ረጠበ። የረጠበው ከጆሮው በኩል አልነበረም።

ኦስታ ኔማት መርፌውን አቆመ።

“ሰኪና ማናት?” አለ ሾጃ።

“ልጄ” አለ ቃንባር። “ትንሿ። ውሃ ጠይቃኝ ነበር።” ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የእህቷንና የእናቷን ስም ነገራቸው።